እማ፣ ስልኩን አስቀምጪው

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ጦሳን የሚያሳይ መስኮት አለኝ። አብዛኛው ሥራዬ ሠርግ ነው። ሠርግ በማይኖርበት ወቅት ምርቃትም ይሁን ልደት፣ መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ የመጣውን እሠራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከኮምቦልቻ አንድ ሰው ደወለልኝ። እሱና ባለቤቱ የቤታቸውን ኑሮ እየቀረጹ የሚለቁበት የቤተሰብ ቻናል አላቸው። ቀረጻው በዛባቸው፣ ኤዲቱ ከበዳቸው፣ ሰው ጠቁሟቸው ነው የደወሉት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ያኔ 7 ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ 4። የማንንም ስም አልጽፍም፣ የቻናሉንም ስም አልጽፍም። እባካችሁ እናንተም ለመገመት አትሞክሩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። እነሱ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ይቀርጻሉ። አርብ ማታ ቀረጻውን ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጡታል። ሹፌሩ ሃረጎን ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልኛል። 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሄጄ እቀበላለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እቆርጣለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ቪዲዮ በቴሌግራም እልካለሁ። ለሰባት ወር እንዲህ ሠራን። ክፍያቸውን አንድ ቀን እንኳ አላዘገዩብኝም።

አንዱን ቀረጻ ልንገራችሁ። የልጅቷ የፊት ጥርስ ተነቀለ። እንደ አገራችን ልጅ ሁሉ ጣሪያ ላይ ልትወረውረው ሮጣ ወጣች። ቪዲዮው የሚጀምረው እናቷ ከኋላዋ ስትደርስ ነው። «ወረወርሽው እንዴ? ቆይ እንጂ፣ አልቀረጽኩትም እኮ!» ልጅቷ ትስቃለች። ጥርሷ የነበረበት ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል። በጣቷ ወደ ቆርቆሮው እያሳየች «እዛ ጋ ነው ያረፈው፣ ድምፁን ሰማሁት» ትላለች። እናቷ «በይ ድጋሚ ወርውሪ» አለቻት። «በምን?» አለች ልጅቷ። እናትየው ቤት ገብታ አንድ ፍሬ ነጭ በቆሎ ይዛ መጣች።

ልጅቷ በቆሎዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አየቻት። ከዚያ «ይሄ እኮ ጥርሴ አይደለም» አለች።

«ማን ያውቃል? ወርውሪው።»

ሦስት ጊዜ ወረወረች። በመጀመሪያው አልሳቀችም። በሁለተኛው ወንድሟ በመሃል አለፈ። ሦስተኛው ጥሩ ሆነ፣ እኔም እሱን ወሰድኩት። በቆሎዋ ስትበር ቀስ አድርጌ አዘገየኋት፣ ከሥር የክራር ድምፅ አስገባሁ። ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ብዙ ሰው «ልጅነቴን አስታወሰኝ» ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ጥርስ ጣሪያው ላይ ቀርቷል፣ እውነተኛው ሳቅ ደግሞ እኔ ከቆረጥኩት ክፍል ውስጥ ነው። ያቺ ልጅ አድጋ ያን ቀን ማስታወስ ስትፈልግ የምታገኘው ቪዲዮውን ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ደግሞ በቆሎው ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ማንም አልተጎዳም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያኔ እንደዛ ነበር ያልኩት።

ከወራት በኋላ ሌላ ቀረጻ መጣ። ምን እንደነበር አልጽፍም፤ ከጻፍኩት እኔም ያንኑ ነው የማደርገው። ልጅ ሆኖ የማያጋጥመው የለም፣ ቤት ውስጥ የሚቀር፣ እናት አጥባ አድርቃ ለማንም የማትናገረው ዓይነት ነገር ነው። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማለች። ስልኩ ወደ ፊቷ ይጠጋል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእናቷ ብቻ እንደሚነገር ነገር፣ «እማ፣ ስልኩን አስቀምጪው» አለች። እናትየው ሳቀች። በክፋት አይደለም፣ ልጅ ሲያሳዝንም ሲያምርም እንደምንስቀው ነው። ከዚያ ቀረጻው ቀጠለ።

እኔ ምን አደረግኩ? «እማ፣ ስልኩን አስቀምጪው» የሚለውን ቆረጥኩት። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ገጣጠምኩ፣ መገጣጠሚያው እንዳይታወቅ ሳቅ አስገባሁበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያ ቪዲዮ ከሠራኋቸው ሁሉ በላይ ታየ።

እንግዲህ ዛሬ መናገር የምፈልገው ይሄን ነው። የቤተሰብ ቪዲዮ ስታዩ የምትፈልገዋን፣ የምትስቀዋን፣ የምትደንሰዋን ልጅ ታያላችሁ። እምቢ ያለችው ልጅ ግን እዛው ቀረጻ ውስጥ ነበረች። እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ሥራዬ ቀለም ማስተካከልና ሙዚቃ ማስገባት ይመስለኝ ነበር። ዋናው ሥራዬ እምቢታዋን ማውጣት ነበር። «አሁን አልፈልግም»፣ «ፀጉሬ አልተሠራም»፣ «አባ በላት»፣ ጀርባ መስጠት፣ ነጠላ ውስጥ መደበቅ፣ አልጋ ሥር መግባት። ትንሹ ደግሞ ቃሉ ስለማይበቃው በእጁ ሌንሱን ይሸፍነው ነበር። ያኔ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያሳለፈ ቀይ የሕፃን መዳፍ ብቻ ይታያል። ያንንም ቆርጫለሁ፣ ብዙ ጊዜ።

ክፉ ሰዎች አይደሉም። ይሄን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። አባትየው ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ2014 በጦርነቱ ፋብሪካው ሲዘረፍ ሥራውም አብሮ ሄደ። ቻናሉ ሲጀመር ለጨዋታ ነበር። ኋላ ላይ ግን የቤት ኪራዩን ሸፈነ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፈነ። ልጆቹ ንጹሕ ለብሰው፣ ጠግበው ነው የሚያድሩት። አንድ ቀን ለአባትየው ፈራ ተባ እያልኩ ነገሩን ባነሳበት «ወንድሜ፣ እኛ ወሎ ውስጥ ልጅ ሆነን በግ አልጠበቅንም እንዴ? ሰኞ ገበያ ወርደን ሎሚ አልሸጥንም? ቤተሰብን ማገዝ መቼ ነው ነውር የሆነው?» አለኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

መልሱ የመጣልኝ በኋላ ነው። እረኛ ልጅ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። በጎቹን ያስገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ እናቱ ጎን ይቀመጣል። ሥራው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሎሚ የሸጠውም ገበያው ሲፈታ ይመለሳል። ይቺ ልጅ ግን ሥራ ቦታዋ ቤቷ ነው። መኝታዋ፣ መታጠቢያዋ፣ የእናቷ ጭን ሁሉ ሥራ ቦታ ነው። ወዴት ነው የምትገባው? ልጅ ሰው ሲያስቸግረው ሮጦ የሚሄደው ወደ እናቱ ነው። ያስቸገረው ነገር እናቱ እጅ ላይ ያለው ስልክ ሲሆንስ?

በግ ጠባቂውን ደግሞ የሚያየው በግ ነው። ይቺን ያየ ሰው ቁጥር ከኮምቦልቻ ሕዝብ ይበልጣል።

ነገሩ በስልክ የተጀመረ አይደለም። ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው የዲዮን እህትማማቾች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ በሚባል ግዛት፣ ከአንድ የገበሬ ቤተሰብ አምስት ሴቶች ልጆች ባንድ ጊዜ ተወለዱ። ከነሱ በፊት አምስት ሆነው ተወልደው አምስቱም ከጨቅላነት ያለፉ ልጆች አይታወቁም ነበር። የግዛቱ መንግሥት ልጆቹን ከወላጆቻቸው ወሰዳቸው። ለጥበቃቸው ነው ተባለ። ከወላጆቻቸው ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ለብቻቸው ቤት ተሠራላቸው። የሚጫወቱበት ግቢ ደግሞ ሰው እነሱን እያያቸው እነሱ ሰውን እንዳያዩ ተደርጎ ተሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1943 ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ አያቸው። ፊታቸው አጃና ሳሙና መሸጫ ሆነ። አባታቸው ሳይቀር እዛው ሰፈር የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ነበረው። መንግሥቱም፣ ያዋለዳቸው ሐኪምም፣ አባትየውም ሁሉም «ለልጆቹ ብዬ ነው» ነበር የሚሉት።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሰባት ልጆች ባንድ ጊዜ ሲወለዱ፣ በሕይወት የነበሩት ሦስቱ የዲዮን እህትማማቾች ለሕፃናቱ ወላጆች ደብዳቤ ጻፉ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ልጆቻችሁን ለሕዝብ መዝናኛ አታድርጓቸው፣ ዕቃ መሸጫም አታድርጓቸው፣ የኛ ሕይወት በዚህ ተበላሽቷል የሚል ደብዳቤ ነው።  ልጅ ሆነው ማለት ያልቻሉትን፣ ቢሉም የሚሰማቸው ያላገኙትን፣ አሮጊት ሆነው ለሌላ ሰው ልጆች ተናገሩት። በዓመቱ የኦንታሪዮ መንግሥት 4 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ ከፈላቸው።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ያው ግቢ ሳሎን ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ «ጆን ኤንድ ኬት ፕላስ ኤይት» የሚባል ሪያሊቲ ሾው ተጀመረ። መንትዮችና ባንድ ጊዜ የተወለዱ ስድስት ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። ስምንቱ ልጆች ሽንት ቤት መሄድ ሲለማመዱ፣ ሲቆጡ፣ ሲታመሙ ሚሊዮኖች አዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወላጆቹ ሲፋቱ እሱም ታየ። የሚገርመው ክርክሩ ነው። ፊልም ላይ የሚሠራ ሕፃን ተዋናይ ነው፣ ሥራ ነው፣ ሰዓቱም ገንዘቡም በሕግ ይጠበቃል። እነዚህ ግን «ሥራ ላይ አይደሉም፣ ኑሯቸውን ነው የሚኖሩት፣ ካሜራው ብቻ ነው የገባው» ተባለ። ፔንሲልቬንያ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ሕጉ ተሻሽሎ በሪያሊቲ ሾው የሚቀረጹ ልጆችን እንዲያካትት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

እኔ እንደ ኤዲተር እነግራችኋለሁ፣ «ኑሯቸውን ነው የሚኖሩት» የሚባል ነገር የለም። ጥርሷን አስታውሱ። ካሜራ የገባበት ኑሮ ድጋሚ ይወረወራል።

ስለ ገንዘቡ የወጣው ሕግ ከዚያም በፊት የቆየ ነው። ጃኪ ኩጋን የሚባል ሕፃን ተዋናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የሠራው ልጅ፣ ሚሊዮኖች ዶላር አስገብቶ 21 ዓመት ሲሞላው እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት አገኘ። ከሰሳቸው። በዚያ ምክንያት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ በዚያ ሕግ ከሕፃን ተዋናይ ገቢ 15 በመቶው ለራሱ ይቀመጥለታል። ለዩቲዩብ ልጆች ተመሳሳይ ነገር የመጣው ገና አሁን ነው። ፈረንሳይ በ2020፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ኢሊኖይ በ2024 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ ካሊፎርኒያ በ2025፣ ዩታም እዛው ዓመት፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.።

ከነዚህ የወደድኩት የፈረንሳዩን ነው፤ ገንዘቡን ማስቀመጡ ብቻ አይደለም። ልጁ ራሱ፣ ወላጁን ሳያስፈቅድ፣ ቪዲዮዬን አጥፉልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እሱን ሳነብ ያቺ ጥግ ላይ የቆመች ልጅ ናት የታየችኝ። ስልኩን አስቀምጪው የሚለው ቃሏ የሚደርስበት ቦታ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ገንዘብ በኋላም ይካሳል። ፊት ግን በምን ይካሳል?

ዩታን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዛ ሩቢ ፍራንኪ የምትባል የስድስት ልጆች እናት ነበረች፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰብስክራይበር የነበረው የቤተሰብ ቻናል ለዓመታት ይዛለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ከልጆቿ አንዱ ከእናቱ የሥራ ባልደረባ ቤት በመስኮት አምልጦ ጎረቤት በር አንኳኳ፣ ምግብና ውሃ ለመነ። በልጆች ላይ በፈጸመችው በደል ጥፋተኛ መሆኗን አምና በቀጣዩ ዓመት እስር ተፈረደባት። እንደሷ ያለ እናት ብዙ አይደለም፣ የኮምቦልቻዎቹንም ከሷ ጋር አላወዳድርም፣ ኃጢአት ይሆንብኛል። የማይለቀኝ ያ ሁሉ ሚሊዮን ሰው ለዓመታት ያን ቤተሰብ ሲያይ ኖሮ ልጁ መጨረሻ ላይ የተማመነው አጠገቡ ያለውን በር መሆኑ ነው።

በኛ አገርስ? ሕግ የለም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት በሚደረግ ማንኛውም ነገር የልጁ ጥቅም ቅድሚያ ይሰጠዋል ይላል፣ ልጅ ጉልበቱ ሊበዘበዝ አይገባም ይላል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ያዛል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ግን ሕፃን ልጅን ወክሎ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ወላጁ። ፈቃድ ጠያቂውስ? ያው ወላጁ። አንድ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው እጅ ይቀበላል። አሠሪም ሞግዚትም አንድ ሰው ከሆነ ልጁ ለማን ነው አቤት የሚለው?

ስለ ሌላው ነገር መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ካልተጻፈ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩቲዩብ ልጆች በሚታዩባቸው እጅግ ብዙ ቪዲዮዎች ላይ ኮሜንት ዘጋ። ለምን መሰላችሁ? ተራ የልጆች ጨዋታ ቪዲዮ ላይ፣ ዋና ላይ፣ ጂምናስቲክ ላይ፣ አዋቂ ወንዶች ገብተው «ይሄን ደቂቃ እዩት» እየተባባሉ ሰዓት ይጽፉ ስለነበር ነው። እናቶቹ የለቀቁት ንጹሕ ቪዲዮ ነው። ዓይኑ ነው ንጹሕ ያልነበረው። ለኮምቦልቻዎቹ ካሳጠርኩላቸው ቪዲዮዎች መሃል ትንሹ በሳፋ ሲታጠብ የሚያሳይ አለ። «ጣፋጭ ነው» ብለን ሦስታችንም ተስማምተን ነው የለቀቅነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ደውዬ እንዲያጠፉት ለመንኳቸው፣ ወዲያው አጠፉት። ሌሎች አውርደው በራሳቸው ገጽ የለቀቁት ግን እስከ አሁን አለ። ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ይነሳል፣ ሌላ ቦታ ይወጣል።

አያቴ ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ሄጄ ቡና እየጠጣን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ስልኬን አውጥቼ አንዱን ቪዲዮ አሳየኋት። የትንሹ ልጅ ነው፣ ሲስቅ። አያቴ ልጅ የተወለደበት ቤት ስትገባ መጀመሪያ «ማሻአላህ» ሳትል ወደ ሕፃኑ ዓይኗን የማታነሳ ሴት ናት። በኛ ቤት ሕፃን ተሸፍኖ ነው የሚያድገው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት እንደዚሁ ነው፣ በስም ይለያይ እንጂ ዓይንን ሁሉም ይፈራል።

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለች። ከዚያ ከሥር ያለውን ቁጥር አይታ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«ያየው ሰው ብዛት ነው፣ እማ። አራት መቶ ሺህ።»

ስኒዋን አስቀመጠች።

«ሁሉም ማሻአላህ ብለዋል?»

በዓይን ይታመናል አይታመንም የሚለውን ለናንተ ልተወው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ መቁረጥ አልቻልኩም። አያቴ የጠየቀችኝ ስለ ቡዳ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያይ ሰው ለሚያየው ልጅ መልካም መመኘት ግዴታው ነው፣ መልካም መመኘቱን ማረጋገጥ ደግሞ የቤቱ ሰው ግዴታ ነው። አያቴ በር ላይ ቆማ ይሄን ታስከብር ነበር። እኔ በሩን ከነመዝጊያው ነቅዬ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራውን እንደማልቀጥል ነገርኳቸው። ምክንያቱን በስልክ መናገር አልሆነልኝም። ለአንድ ሠርግ ኮምቦልቻ ወርጄ በዚያው ቤታቸው ገባሁ። ልጅቷን ከስክሪን ውጭ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ካሰብኳት ታንሳለች። የምግቧን ዓይነት፣ የምትፈራውን እንስሳ፣ ስትተኛ የምትይዘውን ጨርቅ ሳይቀር አውቃለሁ። እሷ ግን ማን እንደሆንኩ አታውቅም። አባቷ ኋላ ተደብቃ እጇን ሰጠችኝ። ወደ ሱቅ አብረን ስንወጣ አንድ የባጃጅ ልጅ ከዛ ቪዲዮ ላይ ያለ የእሷን አባባል ድምጿን አስመስሎ ጮኸባት። ለክፋት አላለውም፣ ስላወቃት ደስ ብሎት ነው። አንገቷን ሰበረች፣ እስከ ሱቁ ድረስ ቀና አላለችም።

ያ አባባል ከየት እንደተገኘ አውቃለሁ። ከቆረጥኩት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው።

ወላጆች ይሄን ስታነቡ «እኔ እንኳ ለዘመድ ብቻ ነው የምለጥፈው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ዓረብ አገር ያለች አክስት፣ አሜሪካ ያለ አጎት ልጁን ማየት አለበት። አዎ፣ አለበት። በቤተሰብ ግሩፕ ላኩላቸው። የታመመ ልጁን አሳይቶ እርዳታ የሚጠይቀውንም አባት አልወቅሰውም፤ ሌላ በር ስላልተከፈተለት ነው፣ ጥፋቱ በሩን የዘጋው ጋ ነው። እኔ የምለው ሳምንት በሳምንት የልጅን ኑሮ ለማያውቁት ሰው ስለማቅረብ ነው። በኛ አገር የቤተሰብ ቻናል በየቀኑ እየበዛ ነው፣ የልጆች ፕራንክም አብሮት። ልጅን አስፈራርቶ ማልቀሱን መቅረጽ እንደ ጨዋታ ተለምዷል። የሚያለቅሰው ግን የምሩን ነው።

ለምታዩት ደግሞ የሙያዬን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከስልኩ ትንሽ ወደ ጎን ከሄደ እዛ አንድ አዋቂ ቆሞ ምን እንደሚል እየነገረው ነው። የልጁ ፊት ድንገት ከዘለለ፣ ማለትም በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል አንገቱ ቦታ ከቀየረ፣ እዛ መሃል የተቆረጠ ነገር አለ። ልጁ አፉን እያንቀሳቀሰ ሙዚቃው ከፍ ካለ የተናገረውን እንድንሰማ አልተፈለገም። እነዚህን ካያችሁ አትጨርሱት፣ ሼርም አታድርጉት። የተመልካች ቁጥር ነው ቀጣዩን ሳምንት የሚያስቀርጸው።

ሃርድ ዲስኩ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። አንድ ሌሊት ተቀምጬ የቆረጥኳቸውን ቁርጥራጮች ሁሉ ፈለግኩ። «አልፈልግም»ዎቹን፣ ጀርባ መስጠቶቹን፣ አልጋ ሥር የታየውን የእግር ጫማ፣ ቀዩን መዳፍ፣ ሁሉንም በቀናቸው ቅደም ተከተል አስቀጠልኳቸው። ሙዚቃ አላስገባሁም፣ ቀለም አልነካሁም። 11 ደቂቃ ሆነ። ለእናትየው ብቻ ላክሁላት። ምንም አልጻፍኩበትም።

ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ወዲያው መጡ። ከዚያ ሁለት ቀን ዝምታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለች። ድምጿ ደክሟል። አልተቆጣችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይሄን ለሌላ ሰው ልከኸዋል?»

«ለማንም አልላክሁም።»

«አደራህን፣ ወንድሜ። ማንም እንዳያየው።»

እሺ አልኳት። ሃርድ ዲስኩን በማግስቱ በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ላክሁ፣ እኔ ጋ የቀረውንም እያየሁ አጠፋሁ።

ቻናሉ አሁንም አለ። ሌላ ሰው ኤዲት ያደርግላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የትንሹን ልደት ለቀቁ፣ እኔም ከፈትኩት። ልጁ ሻማውን እፍ ሲል አባቱ ያጨበጭባል፣ እናቱ ትቀርጻለች። ልጅቷ ፊት ለፊት የለችም። ኬኩ ሲቆረጥ በበሩ ጥግ አንዲት ትንሽ እጅ ሳህን አቀበለችና ተመለሰች። ወደ ኋላ መልሼ ደጋግሜ አየሁት። አልተቆረጠም። እጇን ብቻ ነው የሰጠቻቸው።